ባሕር በሌለበት ድሬ የሰርፍ ቱሪዝም ጥናት ማንበብ፦ ለሐረር ጅብ ይጠቅማል ወይስ አማካሪዬ እየቀለደብኝ ነው?

ሳቢያን_ሰፈር (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለቤቱ። ማስተርሴን በቱሪዝም እየሠራሁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን በሐረር የጅብ ምገባ ላይ አድርጌ ርዕሱን ይዤለት ስሄድ አማካሪዬ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «መጀመሪያ የሰርፍ ቱሪዝም ጥናቶችን አንብቢ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ብሎ መለሰኝ። ሰርፍ ማለት ያ ጣውላ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡት። ወንዛችን ደቻቱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ሆኖ በሚከርምበት ከተማ! እናቴ ስትሰማ «ሰውዬው ጠምዶሻል» አለች።

ሦስት ሳምንት አነበብኩ። መጀመሪያ በንዴት ነበር፣ ኋላ ግን እንቅልፍ አሳጣኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትጣሉኝ።)

ዘርፉ የትናንት ልጅ ነው። ስቲቨን ማርቲንና ኢሊያን አሴኖቭ የተባሉ፣ ታይላንድ ላይ ሆነው የሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች በ2012 ያወጡት ቆጠራ አለ። ከ1997 እስከ 2011 ስለ ሰርፍ ቱሪዝም የተጻፈውን ሁሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም ሪፖርቱንም ጨምረው ሲለቅሙ 156 አገኙ። በ1999 የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ የሰርፍ ሳይንስ ዲግሪ ሲከፍት መሳቂያ ሆኖ ነበር። በ2002 የአውስትራሊያው ራልፍ በክሊ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ሁለት ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። በ2008 ጄስ ፖንቲንግ ሲድኒ ላይ ዶክትሬቱን በኢንዶኔዥያ የሜንታዋይ ደሴቶች ሰርፍ ሠራ፤ በ2011 ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰርፍ ጥናት ማዕከል አቋቋመ። የሳቀው ሁሉ ዝም አለ ማለት ነው።

ጥያቄዬ፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለጅባችን የሚሆን አለ? ሐረር ያላችሁ፣ በተለይ በአስጎብኚነት የምትሠሩ፣ እባካችሁ።

---

የቀፊራ_ልጅ

አቦ 156 ጽሑፍ ስለ መንሸራተት! በ2006 ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሰው ከነቤቱ ሲወስድ የነበርን ሰዎች ነን። እስቲ ስለዚያ ስንት ጽሑፍ አለ? ሆድ የሞላው ሰው ምን ይሠራል፣ ማዕበል ይቆጥራል።

---

ደወሌ_ኬላ

እኔ ጅቡቲ ስመላለስ አሥራ አንድ ዓመቴ። ባሕሩን ከእናንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ወረፋ ሲበዛ መኪናዬን አቁሜ ዳር ላይ እቀመጣለሁ፣ እግሬን እነክራለሁ። እህቴ፣ እዚያ እንኳ እንደ ፊልሙ ዓይነት ማዕበል አይቼ አላውቅም። ውሃው ልክ እንደ ሻይ ነው፣ ሞቅ ብሎ ዝም። ንፋስ ሲነሳ እንኳ አጭር አጭር ሞገድ ነው፣ ሰው የሚቆምበት አይደለም። ታዲያ ባሕር ያላቸውም የላቸውም፣ እኛ ምን አገባን?

---

መምህር_ዘ

ደወሌ፣ ያየኸው ትክክል ነው፣ ምክንያትም አለው። ለሰርፍ የሚሆን ማዕበል እዚያው ዳርቻ ላይ አይወለድም። ንፋስ በመቶና በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ክፍት ባሕር ላይ ለቀናት ሲነፍስ ይፈጠርና ተጉዞ ይመጣል፣ ጥልቀቱ ድንገት በሚያጥርበት ቦታ ይሰበራል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ውስጥ የገባ ኪስ ነው፤ የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል እዚያ እስኪደርስ ይደክማል። በየአገሩ ዳርቻ ሞልቶ ጥሩ ማዕበል ያለው ግን ጥቂት ቦታ ላይ የሆነው ለዚህ ነው። ኮራል ወይም አለት ወይም አሸዋ በልኩ መቀመጥ አለበት።

ጥናቱም የጀመረው ከዚህ ነው። ማዕበል ቲኬት የለውም። ማንም ያልሠራው፣ ማንም የማይሸጠው ነገር ነው። ግን ሰው ለሱ ብሎ ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ይበላል። መሐንዲስ ወደብ ልሥራ፣ አውራ ጎዳና ልዘርጋ ሲል «ምን ይጎዳል?» ተብሎ ይጠየቃል። ዋጋ ያልተጻፈለት ነገር ደግሞ በሒሳብ ላይ ዜሮ ነው። የሚረግጡት ዜሮውን ነው።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትረስልስ የሚባል ቦታ አለ። የክፍያ መንገድ በአጠገቡ ሊያልፍ ሲል ተመራማሪዎች ሰርፈሮቹን በኢንተርኔት ጠየቁ፦ በዓመት ስንቴ ትመጣላችሁ፣ ሳን ክሌመንቴ ከተማ ላይ ምን ታወጣላችሁ? ለከተማዋ የሚገባው በዓመት ከ8 እስከ 13 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተገመተ። በ2008 የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን መንገዱን አልፈቀደም። ጥናቱ ብቻውን አስቆመው አልልም፣ ሕዝብም ጮኋል፣ ግን ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሌላው በስፔን ባስክ ምድር ያለው ሙንዳካ ነው። የወንዝ አፍ ላይ አሸዋ ተከማችቶ የሚሠራው ማዕበል በዓለም የታወቀ ነበር። በ2003 ለመርከብ ማለፊያ ተብሎ አሸዋው ተቆፈረ። ማዕበሉ ጠፋ። ውድድሩ ተሰረዘ፣ እንግዳ ቀረ። አሸዋው ቀስ በቀስ ተመልሶ ሲቀመጥ ማዕበሉም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ኢኮኖሚስቶች መጥተው ከተማዋ በማዕበሉ ምን ታገኝ እንደነበር ያሰሉት። ሲጠፋ ነው ዋጋው የታወቀው።

---

የምድር_ባቡር_ጡረተኛ

መምህር፣ ሙንዳካ ያልከውን አንብቤ ትንሽ ዝም አልኩ። ይኼ እኮ የእኛ ታሪክ ነው።

ድሬ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናት። ከዚያ በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ከተማ አልነበረም። እኔ ለገሀር ስሠራ የጅቡቲው ባቡር የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ ጣቢያው ያለበት ከዚራ ሰፈር ላይ ያለው ሁሉ ይነቃ ነበር። ሙሸበክ የሚጠብሱት ዘይት ያሞቃሉ፣ ጋሪዎቹ ይሰለፋሉ፣ የሆቴሉ ልጅ ሸሚዙን ቀይሮ በር ላይ ይቆማል። ፉጨቱ ሲሰማ እኔ ቢሮ ውስጥ ሆኜ የስንት ሰው እራት እንደገባ አውቅ ነበር። ማንም «ይህ ፉጨት በዓመት ስንት ብር ያወጣል?» ብሎ አልጠየቀንም። ሲቆም ሁላችንም አወቅነው። ሆቴሉ፣ ሻይ ቤቱ፣ ተሸካሚው፣ አንድ በአንድ። አዲሱ ባቡር መጣ፣ እሰየው፣ ግን ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ተሳፋሪው ከዚራን ሳያያት ያልፋል።

ልጄ፣ አማካሪሽ አልጠመደሽም። አንብቢ።

---

ሳቢያን_ሰፈር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ስንት ሰው እራት እንደገባ» ያሉትን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፣ ይፈቅዱልኛል ብዬ ነው።

መምህር፣ ከእርስዎ ሐሳብ ጋር የሚሄድ አንድ ላክል። ማክግሬገርና ዊልስ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በዓለም ላይ ከ5,000 በላይ የሰርፍ ቦታዎችን ይዘው በሳተላይት የሚታየውን የሌሊት መብራት አነጻጸሩ። ጥሩ ማዕበል አጠገብ ያለው ቦታ መብራቱ ከሌላው ፈጥኖ ያድጋል። መጠይቅ የለ፣ ቃለ መጠይቅ የለ፣ መብራት ብቻ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ጣራ ላይ ወጥቼ ድሬን በሌሊት አየኋት። (መብራት ጠፍቶ ነበር። ጥናቱ ለእኛ አይሠራም 😄)

---

የቀፊራ_ልጅ

ሃሃ ይቺን ወደድኳት። ሳተላይቱ እኛን ቢያይ ሕዝቡ ተሰደደ ብሎ ይጽፋል።

---

ፈላና_በር

ሐረር ነኝ። አስጎብኚ ነኝ፣ ዕድሜ ልኬን ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ። ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ይቅርታ እህቴ።

ቁጥሩን ለእናንተ ልተው። እኔ የማየውን ልንገርሽ። ማታ ነው። እንግዶቹ ከድሬ በሚኒባስ ይመጣሉ፣ ከአዲስ አበባ የተላኩ። ሹፌሩ ሞተሩን አያጠፋም። መብራቱን ወደ ሜዳው ያበራል። መጋቢው ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል፣ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጎ ለእንግዳው ያቀብላል፣ ደፋሩ እንጨቱን በጥርሱ ይይዛል፣ ጅቧ ከትከሻው በላይ ትመጣለች፣ ፎቶ፣ ጩኸት፣ ሳቅ። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ወደ መኪናው። ድሬ አድረው በጠዋት አውሮፕላን። ጁገልን አላዩም። ከእኛ ዘንድ አንድ ሲኒ ቡና አልጠጡም። አንድ ጊዜ አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) ሃያ ሰው ይዞ መጣና ገንዘቡ ቀድሞ አዲስ አበባ ተከፍሏል አለን። ለማን ተከፈለ? መጋቢው ለሥጋው የሚያወጣውን ከኪሱ አወጣ።

ከተማችን በ2006 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብታለች። 48 ሄክታር ገደማ በሆነ ግቢ ውስጥ 82 መስጊድ፣ 102 የቅዱሳን መካን አለ። ሰው ግን ከግንቡ ውጭ ጅብ አይቶ ይመለሳል። ይኼን የሚመስል ነገር ካነበብሽ ንገሪኝ።

---

ሳቢያን_ሰፈር

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሳነብ የሜንታዋይን ታሪክ በአማርኛ ያነበብኩ መሰለኝ። ይኸው ልንገርህ።

ሜንታዋይ ከሱማትራ በስተምዕራብ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፈረንጆች ፓዳንግ ከምትባለው የሱማትራ ወደብ በኪራይ ጀልባ እየመጡ ማዕበሉን ይጋልባሉ። ጀልባው ላይ ያድራሉ፣ ጀልባው ላይ ይበላሉ፣ ጀልባው ላይ ይመለሳሉ። የደሴቱ ሰው ከዳር ቆሞ ያያል። ፖንቲንግ ዶክትሬቱን የሠራው በዚህ ላይ ነው። የተሸጠው ማዕበሉ ብቻ አይደለም ይላል፤ «ማንም ያልደረሰበት፣ ባዶ ገነት» የሚል ሕልም ነው የተሸጠው። ሕልሙ እንዲሸጥ ደግሞ ነዋሪው ከፎቶው መውጣት አለበት። ባለ ማዕበሉ ሕዝብ ከራሱ ሥዕል ተቆርጦ ወጣ።

ጥናቱ ሲበዛ መልስም መፈለግ ተጀመረ። ሜንታዋይ በ2016 ከእያንዳንዱ ሰርፈር ለ15 ቀን 1 ሚሊዮን ሩፒያ ማስከፈል ጀመረች። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ደግሞ ጎብኚው ሳይበዛ ገና በጠዋቱ የሰርፍ ማኅበሩ ደንብ አወጣ፦ በአንድ ቦታ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር ጣሪያ አለው፣ ክፍያው ሪፉ (ማዕበሉ የሚሰበርበት የኮራል አለት) በባህላዊ መብት የነሱ ለሆነው መንደሮች ይገባል። ኦብራያንና ፖንቲንግ በ2013 ይህን አጥንተው ጻፉ።

አንተ ያልከው የሃያው ሰው ክፍያ እዚያ ቢሆን መንደሩ እጅ ነበር የሚገባው።

---

የቀፊራ_ልጅ

እሺ፣ አሁን ሳልቀልድ። የፓፑዋው ደስ ይላል። ግን የሐረር ጅብ የማን ነው? ሪፉ ባለቤት አለው። ጅቡ ግን ከተራራ የሚመጣ አውሬ ነው። የመጋቢው ነው? የከተማው? የመንግሥት? ነገ እኔ ሥጋ ይዤ ሌላ በር ላይ ብቆም ማን ይከለክለኛል?

---

መምህር_ዘ

የቀፊራ ልጅ ዘንድሮ ካነበብኩት ሁሉ ጥሩውን ጥያቄ ጠየቀ። ፊጂ ላይ የተነሳው ይኸው ጥያቄ ነው። ታቫሩዋ የሚባል የደሴት ሪዞርት ከመንደሮቹ ጋር ተስማምቶ ክላውድብሬክ የተባለውን ማዕበል ለእንግዶቹ ብቻ ይዞት ነበር። ስምምነቱ የቆመው በመንደሮቹ የዓሣ ማስገሪያ ባህላዊ መብት ላይ ነበር። በ2010 መንግሥት አዋጅ አወጣና ማዕበል ለሁሉም ክፍት ነው አለ። ሰርፈሩ ጨፈረ። ጀልባው በዛ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ መጥተው ያነሱት ጉዳይ፦ ክፍት ሲሆን መንደሮቹ ምን አገኙ፣ ምንስ አጡ? «ለሁሉም» የሚለው ቃል ባለመብቱን ለማንሳት ምቹ መንገድ ሆነ ወይ?

አንድ ሪዞርት ብቻውን መያዙ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። እኔ በበኩሌ አዋጁን ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። ግን በር ሲከፈት ጠባቂው ምን ይሁን የሚለው ካልተጻፈ፣ የከፈትነው ለጉልበተኛው ነው።

---

ፈላና_በር

ለቀፊራው ወንድሜ፦ ሌላ በር ላይ ሥጋ ይዘህ ብትቆም ማንም አይከለክልህም። ጅቡ ግን አይመጣም 😄 ወይም ይመጣና አንተ ትሮጣለህ። ምገባው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ዩሱፍ ሙሜ ሳልህ ስንት ዓመት መገበ፣ አሁን ልጁ አባስ ነው። ጅቡ ድምፁን ያውቃል። ከተማውም ጅቡን ያውቃል፤ ግንቡ ላይ ለውሃ መውረጃና ለወራባ (ለጅቡ) መግቢያ የተተወ ቀዳዳ አለ፣ ሌሊት ገብቶ አጥንቱን ጠርጎ ይወጣል። ሽማግሌዎቻችን ጅብ ጂን ይበላል ይላሉ። ይህ ሁሉ ባለቤትነት ካልሆነ ምንድነው?

---

የምድር_ባቡር_ጡረተኛ

ማሻአላህ። ይኼን ነው መጻፍ።

---

የቀፊራ_ልጅ

ተሸንፌያለሁ። ግን አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱን አልለቅም። ሳቢያን ሰፈር የጠራሻቸው ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው ከአውስትራሊያ፣ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው ሰርፈር አይደሉም ወይ? ማዕበሉን የሚወደው ሰው ነው ማዕበሉን የሚያጠናው። የመንደሩ ሰው የተጠየቀ እንጂ የጻፈ አለ? ለሐረርም እንደዚያው፤ ማርከስ ቤይንስ ሮክ የሚባል ከአውስትራሊያ መጥቶ ከጅቦቹ ጋር ሌሊት እየዞረ መጽሐፍ ጽፏል፣ ጎበዝ ነው፣ አልተቃወምኩም። ግን እኛ የጅቡ ጎረቤቶች የት ነበርን? ደግሞ ሌላም አለ፦ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ቦታው ይታወቃል፣ በታወቀ ቁጥር ሰው ይጎርፋል። ተመራማሪው ራሱ ማስታወቂያ ነው።

---

ሳቢያን_ሰፈር

እውነትህን ነው፣ እኔንም የከነከነኝ ይኼ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ሰርፈሩ ነው፦ ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያህል ያወጣል። የመንደሩ ሰው በኋላ ነው የገባው። በክሊ በ2002 ያነሳው አንድ ጥያቄ ግን ይረዳኛል ብዬ አስባለሁ፦ አንድ ማዕበል በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይችላል? ማዕበል ላይ በአንድ ጊዜ የሚጋልበው አንድ ሰው ነው፣ የቀረው ወረፋ ይጠብቃል፣ ሲበዛ ይጣላል። ስለዚህ ጣሪያው ከገንዘቡ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ሰኞ ዕለት ማታ ሐረር ሄጄ ነበር። አማካሪዬን ሳላስፈቅድ። ፈላና በር በስልክ ስላስተዋወቀኝ መጋቢው ቦታ ሰጠኝ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን በስልክ መብራት አየሁ። አምስት ባጃጅ፣ ሁለት ሚኒባስ፣ አንድ የቤት መኪና። ሰው ሃምሳ አልሞላም። ሰባት ጅብ። መጀመሪያ የቆጠርኩት ሰውና መኪና ነበር። በኋላ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የሁለቱ ሚኒባስ መብራት በአንድ ላይ ሲበራ ሦስቱ ጅቦች ወደ ጨለማው ተመልሰው ተቀመጡ። መጋቢው ጠራቸው። አንዷ ብቻ መጣች። አንደኛው መብራት ሲጠፋ ሌሎቹ ቀስ ብለው ተመለሱ።

ደብተሬ ላይ «ሁለት መብራት = ሦስት ጅብ ቀረ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሌሊት ነው፣ ምንም አያረጋግጥም። ለአማካሪዬ ሳሳየው ግን መነጽሩን አወለቀ።

---

መምህር_ዘ

ጣሪያሽን አገኘሽ። በየሌሊቱ ቁጠሪ፣ የመብራቱን ብዛት ለይተሽ ጻፊ፣ የጨረቃውንም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ጅቡም ሌላ ነው። የረመዳን ሌሊቶችን ለብቻ ያዢ።

---

ደወሌ_ኬላ

የባጃጁን ታርጋም ጻፊ እህቴ። የድሬ ነው ወይስ የሐረር? ገንዘቡ የት እንደሚያድር ከዚያ ታውቂዋለሽ። ጋሼ ከፉጨቱ እንዳወቁት።

---

የምድር_ባቡር_ጡረተኛ

ይህ ልጅ ያመጣው ሐሳብ ጥሩ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ደግሞ በትልቅ ፊደል አትመሽ አንድ ኮፒ ለእኔ አስቀሪልኝ። ከዚራ፣ ጥላ ባለበት ጎን፣ ሁልጊዜ ከአሥር ሰዓት በኋላ አለሁ።

---

ፈላና_በር

ሐሙስ ሦስት ሚኒባስ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ሹፌሮቹን ሁለቱ መብራታቸውን እንዲያጠፉ እለምንልሻለሁ፣ እሺ ይሉ እንደሆን እናያለን። ጃኬት ያዢ፣ ሐረር እንደ ድሬ አይደለም፣ ማታ ይበርዳል።